ዕዳ ያለበት ግስ፦ ስለ እንግሊዝኛው «ሻል» ትክክለኛ አጠቃቀም

(ይህ ጽሑፍ ለቋንቋ፣ ለትርጕምና ለሕግ ተማሪዎች እንዲሁም ለመምህራን በተዘጋጀ ሕዝባዊ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ ነው።)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ አንድ ግስ ብቻ ነው፤ እርሱም የእንግሊዝኛው «ሻል» ነው። ለአንድ ረዳት ግስ ይህን ያህል ሰዓት መመደቡ ለአንዳንዶቻችሁ የበዛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በየዓመቱ በማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች፣ በውሎችና በደንቦች ትርጕም ውስጥ ይህን ያህል ሲሳት ያየሁት ሌላ ግስ የለም። የሚስተውም ሰነፉ ተማሪ አይደለም፤ ሰነፉ ተማሪ ይህን ግስ ጨርሶ አይጽፈውም። የሚስተው ትጉሁ ተማሪ ነው፤ ጽሑፉ ክብርና ሞገስ እንዲኖረው ሲል «ዊል» በሚገባበት ቦታ ሁሉ «ሻል» ያስገባል። እነዚህ ሁለት ግሦች ግን አንዱ የሌላው የክት ልብስ አይደሉም። ልዩነታቸው የትርጕም ልዩነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የገንዘብና የመብት ልዩነት ይሆናል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ ደመወዜን ለመደጎም ማታ ማታ በአንድ የትርጕም ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ወጣት ባለ ሁለት ገጽ የሥራ ውል ይዛ መጣች። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። በአንዱ አንቀጽ አሠሪው ምግብና መኝታ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት በ«ሻል» ተገልጿል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን፣ የሁለቱ ዓመት ጊዜ ሲፈጸም የመመለሻ ትኬት ስለ መስጠቱ የሚናገረው አንቀጽ «ሜይ» በሚለው ግስ ተጽፏል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ዐይነት ቅርጽ ተረጐምኋቸው፤ «አሠሪው ምግብና መኝታ ያቀርባል»፣ «አሠሪው የመመለሻ ትኬት ይሰጣል» አልሁ። ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮዬ አማረኝ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ልጅቱም አመስግናኝ ሄደች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ታላቅ ወንድሟ ያንኑ ወረቀት ይዞ መጣ። «መምህር፣ እርስዎ የጻፉት ይሰጣል ይላል፤ ሰውየው ግን አልሰጥም አላት» አለኝ። እንግሊዝኛውን ደግሜ አነበብሁት። ሰውየው ውሉን አላፈረሰም ነበር፤ የተጻፈው ቃል ቢወድ እንዲሰጥ፣ ባይወድ እንዲተው የሚፈቅድለት ነው። ልጅቱ የመመለሻዋን ዋጋ ካጠራቀመችው ከፈለች። ከመፈረሟ በፊት የውሉን ቃል በትክክል ብታውቅ ኖሮ፣ ወይ እንዲስተካከል ትጠይቅ ነበር፣ ወይ ገንዘቡን ከመጀመሪያው ወር ጀምራ ትቈጥብ ነበር። ይህን ምርጫ የነሣኋት እኔ ነኝ እንጂ አሠሪው አይደለም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ረዳት ግሦችን በጥርጣሬ እመለከታለሁ።

የግሱ ሥር

«ሻል» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስኩላን» ከሚባል ግስ የወጣ ነው፤ የዚያም ግስ የቀድሞ ትርጕሙ የገንዘብ ዕዳ መኖር ነበር። ይህ ዝምድና በጀርመንኛ ዛሬም በግልጽ ይታያል። «ሶለን» የሚለው የጀርመንኛ ግስ የ«ሻል» ዘመድ ሲሆን ትርጕሙ ይገባል፣ ተገቢ ነው ማለት ነው፤ «ሹልድ» የሚለው ስም ደግሞ ዕዳ ማለትም በደል ማለትም ነው። «ዊል» በአንጻሩ መፈለግን፣ መፍቀድን ከሚያመለክት ጥንታዊ ግስ መጣ። እንግዲህ ከሥራቸው ስንነሣ አንዱ የዕዳ ግስ፣ ሌላው የፈቃድ ግስ ነው። ሁለቱም በዘመናት ብዛት እየሳሱ ሄደው የመጪ ጊዜ ምልክት ሆኑ፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህን ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ለሌላው ከማስረዳት ይቀላል። እኛ «ሁለት መቶ ብር አለበት» እንላለን፤ ደግሞም «መክፈል አለበት» እንላለን። «አለበት» በሁለቱም አንድ ቃል ነው። በመጀመሪያው በሰውየው ላይ ያለው ብር ነው፤ በሁለተኛው በሰውየው ላይ ያለው ተግባር ነው። ግዴታን እንደ ዕዳ፣ ዕዳንም በትከሻ ላይ እንዳለ ሸክም የማየቱ አስተሳሰብ በእንግሊዝኛ በቃሉ ታሪክ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፤ በአማርኛ ግን በየቀኑ በአፋችን አለ። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከ«ሻል» ጋር ሲገናኝ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አለበት» የምለው ሰው አለን?

የዋሊስ ሕግና ውጤቱ

እ.ኤ.አ. በ1653 ጆን ዋሊስ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው በላቲን የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በዚያም ውስጥ ለሁለቱ ግሦች መደብን መሠረት ያደረገ ሕግ አወጣ። ለአንደኛ መደብ «ሻል» ተራ የመጪ ጊዜ ነው፤ «ዊል» ግን ቃል መግባትን ወይም ዛቻን ያሳያል። ለሁለተኛና ለሦስተኛ መደብ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ዊል» ተራ የመጪ ጊዜ ሲሆን «ሻል» ትእዛዝ፣ ቃል ኪዳን ወይም ዛቻ ይሆናል።

ሕጉ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱን ሲያስተውሉት ግን መሠረት የሌለው አይደለም። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር «ዕዳ አለብኝ» ቢል ትሕትና ነው፤ ለሌላው «ዕዳ አለብህ» ቢል ግን ማዘዝ ነው። በእኛም ቋንቋ እናት ለልጇ ድምፅዋን ጠበቅ አድርጋ «ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ!» ስትል ስለ ነገ ትንቢት መናገሯ እንዳልሆነ ልጁ ያውቃል። ግሱ የመጪ ጊዜ ግስ ነው፤ ኀይሉ ግን የትእዛዝ ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ ሻል ጎ» ያለው ኀይል ይህ ነው።

በቆዩ የሰዋስው መምህራን ዘንድ የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። እንግሊዝኛ በቅጡ ያልተማረ የውጭ ሰው ውሃ ውስጥ ወድቆ «አይ ዊል ድራውን፤ ኖባዲ ሻል ሴቭ ሚ» እያለ ይጮኻል። ሊል የፈለገው «መስጠሜ ነው፤ የሚያድነኝ የለም» ነው። በዋሊስ ሕግ ሲተረጐም ግን «ልሰጥም ቈርጫለሁ፤ ማንም እንዳያድነኝ» ማለት ነው። በዳር የቆሙት ጨዋ እንግሊዞችም ፈቃዱን አክብረው ዝም አሉ ይባላል።

ይህ ሕግ በሕዝቡ አነጋገር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀበት ዘመን ስለ መኖሩ ሊቃውንት ይጠራጠራሉ። ዛሬ በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ሻል» ከጥያቄና ከሕግ ጽሑፍ ውጭ እምብዛም አይሰማም፤ በብሪታንያም ለአንደኛ መደብ የሚያገለግልበት ልማድ እየሳሳ ሄዷል። ስለዚህ ተማሪዎቼ የዋሊስን ሕግ በቃላቸው እንዲያጠኑ አልጠይቅም። የምጠይቀው ከሕጉ በስተጀርባ ያለውን ስሜት እንዲይዙ ነው፤ ከሦስተኛ መደብ ጋር የሚመጣ «ሻል» ለእንግሊዝኛ አንባቢ ጆሮ ዛሬም የትእዛዝ ድምፅ አለው።

በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ «ዚስ ቻፕተር ሻል ዲስከስ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ጸሓፊው ማለት የፈለገው «ይህ ምዕራፍ ይህን ጉዳይ ይመረምራል» ነው። አንባቢው የሚሰማው ግን ምዕራፉ ለመመርመር የታዘዘ ያህል ነው። ምዕራፍ ዕዳ የለበትም። እዚህ ላይ ተራው የአሁን ጊዜ፣ «ዚስ ቻፕተር ዲስከስስ»፣ ይበቃል። «አይ ሻል ዲስከስ» ቢል ግን፣ ተናጋሪው ራሱ ስለሆነ፣ ጥቂት የቆየ አነጋገር ይሆናል እንጂ ስሕተት አይሆንም።

በሕግ ጽሑፍ ውስጥ

በሕግ ቋንቋ «ሻል» የዕዳነት ትርጕሙን እንደ ያዘ ቆይቷል። «ዘ ቴናንት ሻል ፔይ ዘ ሬንት» ማለት ተከራዩ ኪራዩን የመክፈል ግዴታ አለበት ማለት ነው። ችግሩ የሕግ ጸሓፊዎች ግሱን ለዚህ ብቻ አለመጠቀማቸው ነው። ለትርጓሜም፣ ለሁኔታም፣ ለመጪ ጊዜም ያውሉታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1995 በሰጠው አንድ ውሳኔ፣ ግሱ በአብዛኛው ግዴታን ቢያመለክትም ሕግ ጸሓፊዎች አልፎ አልፎ በ«ሜይ» ፈንታ ጭምር እንደሚጠቀሙበት አስታውሷል። ግዴታን የሚያመለክት ቃል ፈቃድንም ማመልከት ከቻለ፣ ዳኛው ፊት የሚቆሙት ሁለት ጠበቆች ሁለቱም የሚናገሩት አያጡም።

ለዚህ ነው ብዙ አገሮች ግሱን መተው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ግዴታን የሚገልጸው በ«መስት» ነው። የአሜሪካ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦችም በ2007 እንደ አዲስ ሲጻፉ «ሻል» እየወጣ፣ እንደ ቦታው «መስት»፣ «ሜይ» ወይም «ሹድ» ተተካበት። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ያለ ሙሉ ክርክር ፍርድ ስለሚሰጥበት ሁኔታ በሚናገረው በደንብ ቍጥር 56 ውስጥ «ሻል» በ«ሹድ» ተተክቶ ነበር። ለውጡ የዳኛውን ግዴታ ወደ ምክር ዝቅ ያደርገዋል የሚል ሥጋት ስለ ተነሣ፣ በ2010 «ሻል» ወደ ቦታው ተመለሰ። አንዲት ቃል ወጥታ በሦስት ዓመቷ ተመለሰች።

የምሕንድስናና የኮምፒውተር ተማሪዎችም ጉዳዩ የእኛ አይደለም አትበሉ። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት «አር ኤፍ ሲ 2119» በተባለው ሰነድ የእነዚህን ግሦች ትርጕም ወስነዋል። በዚያ ሰነድ «መስት» እና «ሻል» አንድ ናቸው፤ ፍጹም ግዴታ ናቸው። «ሹድ» በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር መፈጸም ያለበት ነው። «ሜይ» ለሠሪው ምርጫ የተተወ ነው። ማሽኖች እንኳ ያለዚህ ስምምነት አይግባቡም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመጀመሪያ በፈረንሳይኛ የተረቀቀው በፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ነው። ፈረንሳይኛ በሕግ ጽሑፍ ግዴታን የሚገልጸው በአብዛኛው በተራ የአሁን ጊዜ ግስ ነው። አማርኛችን «ይከፍላል»፣ «ይቀጣል»፣ «ይኖረዋል» ይላል። እንግሊዝኛው ደግሞ «ሻል» ይላል። ሦስት ቋንቋዎች አንዱን ግዴታ በሦስት መንገድ ይለብሱታል። ተማሪው «ይቀጣል» የሚለውን አይቶ «ዊል ቢ ፐኒሽድ» ብሎ ሲተረጕም ቅርጹን ጠብቋል፤ ኀይሉን ግን አሳስቷል፤ ሕጉ ይተነብያል እንጂ አያዝም። አዋጅ ቍጥር 3/1987 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፣ ሁለቱ ሲለያዩም የበላይነቱ የአማርኛው እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ የአማርኛው «ይ—ል» ቅርጽ መቼ ግዴታን፣ መቼ ተራ ሁኔታን እንደሚገልጽ መለየት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የቤት ሥራ ብቻ አይደለም።

አንድ ግስና አንድ ውል

ስለ ረዳት ግስ ክብደት በኢትዮጵያ ተናግሮ የውጫሌን ውል አለማንሣት አይቻልም፤ ምንም እንኳ የውሉ ቋንቋዎች አማርኛና ጣልያንኛ እንጂ እንግሊዝኛ ባይሆኑም። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ምርጫው የእርሳቸው ነው። ጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» የሚል ግስ አስገባ፤ ተስማምተዋል፣ ፈቅደዋል ማለት ነው። የኢጣልያ መንግሥትም ይህን ቃል እንደ ግዴታ ተርጕሞ ኢትዮጵያ ጥገኛ ሆናለች ሲል ለኀያላኑ አስታወቀ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ።

ጦርነቱን ያመጣው አንድ ግስ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ግዛት የማስፋፋት ፍላጎት ባይኖር ኖሮ ግሱ ብቻውን ጦር አያዘምትም ነበር። ነገር ግን ያ ፍላጎት ሕጋዊ ልብስ ሲፈልግ ያገኘው በ«ይችላል» እና በ«አለበት» መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛው «ሜይ» እና «ሻል» የሚለያዩትም በዚያው ክፍተት ነው።

ለጽሑፍና ለትርጕም የሚያገለግሉ መመዘኛዎች

እንግዲህ ተማሪው በእጁ ሊይዛቸው የሚችሉ ጥቂት መመዘኛዎችን ላቅርብ።

አንደኛ፤ ባለ ዕዳውን ፈልጉ። «ሻል» ትክክል የሚሆነው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ግዴታ የሚሸከም ሰው ወይም ድርጅት ሲሆን ነው። «ዘ ሬንት ሻል ቢ ፔይድ» የሚለው ኪራዩ ይከፈል ይላል እንጂ ማን እንደሚከፍል አይናገርም። ኪራይ ራሱን አይከፍልም። ከፋዩን ስሙን ጥሩና ባለቤት አድርጉት።

ሁለተኛ፤ ለትርጓሜ አትጠቀሙበት። አንድ ደንብ «ሠራተኛ ማለት ይህ ነው» ሲል «ሚንስ» ይበቃል፤ «ሻል ሚን» አያስፈልግም። ቃል ትርጕም አለው እንጂ ትርጕም እንዲኖረው አይታዘዝም።

ሦስተኛ፤ በጥያቄ ውስጥ ሲመጣ አትፍሩት። «ሻል አይ ኦፕን ዘ ዶር?» ማለት «በሩን ልክፈተው?» ማለት ነው፤ «ሻል ዊ ቢጊን?» ደግሞ «እንጀምር?» ነው። የእኛ «ል—» እና «እን—» የሚሉት ቅድመ ቅጥያዎች የተነገራቸውን ሰው ፈቃድ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ይህም «ሻል» ይጠይቃል። በዚህ ቦታ «ዊል» ቢገባ ጥያቄው ፈቃድ መጠየቁ ቀርቶ ስለ ወደፊቱ የሚጠይቅ ይሆናል።

አራተኛ፤ አሉታን ሁለት ጊዜ መርምሩ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «ተከራዩ ግድግዳውን መቀባት የለበትም» የሚለውን አስቡት። እንዳይቀባ ተከልክሏል ማለት ነውን? ወይስ መቀባት የእርሱ ግዴታ አይደለም ማለት ነው? አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል፤ ክልከላ ከሆነ «ሻል ኖት» ወይም «መስት ኖት»፣ ግዴታ አለመኖሩን ለመግለጽ ከሆነ «ኢዝ ኖት ሪኳየርድ ቱ» ይባላል። በአንጻሩ የእንግሊዝኛው «ሜይ ኖት» ብዥታ አለው፤ እኛ ግን «ላይመጡ ይችላሉ» እና «መምጣት አይችሉም» ብለን በግልጽ እንለያለን። አንዱ ቋንቋ በሚያጠራው ቦታ ሌላው ይደበዝዛል። ተርጓሚው የሚደክመው በዚህ ቦታ ነው፤ ሲጠራጠርም ባለ ጉዳዩን መጠየቅ እንጂ መገመት የለበትም። ይህንንም «የለበትም» ያልሁት በክልከላ ትርጕሙ ነው።

አምስተኛ፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ ለአንድ ሐሳብ አንድ ግስ ያዙ። በአንቀጽ ሦስት «ሻል»፣ በአንቀጽ አራት «መስት»፣ በአንቀጽ አምስት «ዊል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ እናንተ ድግግሞሽን ለመሸሽ ብላችሁ ነው። አንባቢው ግን ሦስት ቃላት ሦስት ነገር ማለት አለባቸው ብሎ ያስባል። በሥነ ጽሑፍ ቃልን ማለዋወጥ ጌጥ ነው፤ በውል ግን የክርክር ምንጭ ነው።

ማጠቃለያ

እንግሊዝኛን የምናስተምረው ብዙ ጊዜ ተማሪው አማርኛውን በር ላይ ጥሎ እንዲገባ እየጠየቅን ነው። በዚህ ግስ ላይ የታዘብሁት ግን ተቃራኒውን ነው። «አለበት»፣ «ይችላል»፣ «ላድርግ?»፣ «የለበትም» የሚሉትን በጥንቃቄ የለየ ተማሪ «ሻል»ን ለመያዝ አይቸገርም፤ እነዚህን ያልለየ ግን የዋሊስን ሕግ በቃሉ ቢያነበንብ እንኳ ይስታል። የሌላውን ቋንቋ ግስ የምንመዝንበት ሚዛን የራሳችን ቋንቋ ነው፤ ሚዛኑ ከተዛባ የምንመዝነው ሁሉ ይዛባል።

ያን የሥራ ውል ዛሬ እንደ አዲስ ብተረጕመው ኖሮ እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «አሠሪው ምግብና መኝታ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አሠሪው የመመለሻ ትኬት ሊሰጥ ይችላል፤ የመስጠት ግዴታ ግን የለበትም።» ከቀድሞው ይረዝማል፤ ለጆሮም እንደ ፊተኛው አያምርም። ነገር ግን ያቺ ልጅ ብዕሯን ከማንሣቷ በፊት በምን ላይ እንደምትፈርም ታውቅ ነበር። ከእናንተ መካከል ነገ ተርጓሚ፣ ጠበቃ ወይም መምህር የምትሆኑ ብዙዎች ናችሁ። በእጃችሁ የሚያልፈውን ወረቀት ሌላ ሰው አምኖ ይፈርመዋል፤ እንግዲህ በትከሻችሁ ላይ ያለው ዕዳ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።